ሐይቁን በቀኝ

ቱዳ ደረጃውን የኋሊት ስትወርድ ያየኋት ዕለት እጄ በሊጥ ተለውሶ ነበር። ፊቷን ወደ ላይኛው ፎቅ አዙራ፣ ግድግዳውን እየደገፈች፣ እግሯን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ትሰድዳለች።

“ምን እየሆንሽ ነው?” አልኳት።

“ስፖርት ነው፣ አክስቴ።”

“የምን ስፖርት? የሸርጣን?”

ሳቀችና ቀልዴን ልትመልስ ዞር አለች። ሰውነቷ በግራ እግሯ ላይ ሲያርፍ ግን ሳቋ ደረቀ። ጥርሷን ነክሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሊጤን ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

ቱዳ የእህቴ የፋድማ ልጅ ናት። እኔ ዘንድ፣ ኢፍራን፣ የተቀመጠችው ለሩጫ ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ከሞሮኮ ዳር እስከ ዳር ያለ ሯጭ ሁሉ ሳንባውን ሊያሰፋ ወደዚህ ይወጣል። የዚህ አገር ሰው ወይ ይሮጣል ወይ ለሚሮጥ ያበስላል። እኔ ኢቶ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ማብሰሉን በደንብ፣ መሮጡን እንደነገሩ። ጠዋት ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ሐይቁን ስንዞር እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ፣ ቱዳ ሁልጊዜ ፊት ናት። ስለዚህ የማውቀው ጀርባዋን ነው። የፀጉሯ ጉንጉን ወዲያና ወዲህ እያለ ከዓይኔ ሲጠፋ አያለሁ፤ ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ግን በምን ላውቅ?

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት አጠገቧ ተቀምጬ።

“ከበልግ ጀምሮ።”

“አሁን እኮ ብርዱ ሊገባ ነው!”

“ስራመድ ደህና ነኝ፣ አክስቴ። ስጀምርም ምንም አይለኝም። ሁለተኛውን ዙር ይዤ አኻያ ዛፎቹ ጋ ስደርስ ነው። በዚህ በጉልበቴ ውጭ በኩል፣ ልክ እዚህ ጋ፣ እንደ መርፌ ይወጋኛል። ከዚያ በኋላ እግሬ የእኔ አይደለም። አሁን ደግሞ ደረጃ ስወርድም ጀመረኝ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ ሩጫ ታስቆሚኛለሽ።”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። በሚመጣው በልግ ከራባት የክለብ ሰዎች መጥተው ሯጭ ይመርጣሉ። አባቷ የሰጣት ጊዜ እስከዚያው ነው፤ ከተመረጠች ትሮጣለች፣ ካልተመረጠች ወደ መንደሯ ትመለሳለች። ከደረጃው ተነስቼ ክፍሏ ስገባ ቀዩ ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። ሙሉ ነው። ልጅቷ ጉልበቴ አበቃለት ብላ በልቧ ከሩጫ ጋር ተሰናብታለች፤ የቀራት መሳፈሩ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን ለእህቴ ደወልኩላት። ባልደውል ይሻለኝ ነበር።

“አምጫትና ይተኮስላት” አለች ፋድማ። “እኔ ጋ በጋለ ብረት ጉልበት የሚተኩስ ሰው አለ፤ እጁ የተባረከ ነው።”

“ጉልበት እንጂ በሬ አይደለም የምትተኩሱት!”

“እኔም ልጅ ሆኜ ተተኩሼ ድኛለሁ።”

“አንቺ የተተኮስሽው ለወፍ በሽታ ነው፣ ፋድማ! ከወፍ በሽታና ከጉልበት ምን አገናኛቸው?”

“አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ” ብላ ዘጋችብኝ። ልጇን ትወዳለች፤ ስትጨነቅ ግን ከእሳት ሌላ መድኃኒት አይታያትም።

እኔና ቱዳ በማግስቱ በታክሲ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ስድስት ሆነን ተጣብበን ወደ መክነስ ከተማ ወረድን። እዚያ ሱመያ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ የጎረቤቴን ልጅ ያከመች።  መንገዱን ሙሉ ቀዶ ጥገና የሚል ቃል ይመጣብኝ ነበር።

ሱመያ ወጣት ናት፣ ፊቷ ፈገግታ አያጣም። ቱዳን በጎኗ አስተኛቻትና ከጉልበቷ ውጭ በኩል፣ ከአጥንቱ እብጠት ከፍ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን እያለች እግሯን ታጥፍና ትዘረጋ ጀመር።

“ዋይ! እዚያ ጋ!” አለች ቱዳ።

ሱመያ ፈገግ አለች። ደሜ ፈላ።

“ምን ያስቅሻል፣ ልጄ? ልጅቷን እኮ እያመማት ነው!”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ ኢቶ። የማውቀው ሰው ስላገኘሁ ነው። ይህ ሕመም በየሳምንቱ በዚህ በር ይገባል። ሯጭ የሆነ ሁሉ ወይ ይዞታል ወይ የያዘውን ያውቃል።”

“ጉልበቴ አልተበላሸም?” አለች ቱዳ ፊቷን ከትራሱ ቀና ሳታደርግ።

“ጉልበትሽ ደህና ነው።”

“ቀዶ ጥገናስ?”

“የለም፤ አያስፈልግሽም። ዕረፍትና ትንሽ ሥራ ነው የሚያስፈልግሽ። ትሮጫለሽ።”

ቱዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ወዲያው ራበኝ። እንዲህ ነኝ፤ ጭንቀት ሲወርድልኝ ሆዴ ይከፈታል።

ሱመያ ልጅቷ እስክትረጋጋ ጠበቀችና እጇን በጭኗ ውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች አሳለፈች። “እዚህ ጋ ከዳሌሽ ተነስቶ እስከ ጉልበትሽ ጎን የሚወርድ ጠፍር አለ” አለቻት። “ሁላችንም አለን። ስትሮጪ እግርሽ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ይህ ጠፍር እዚህ አጥንት ላይ ይጫናል። ትንሽ ሲሆን ምንም አይልም። የዳሌሽ ጡንቻ ሲደክም ግን ጭንሽ ወደ ውስጥ ይዘነበላል፣ ጠፍሩ ይወጠራል፣ ሥሩ ያለው ሥጋ ይቆጣል። ለዚህ ነው ስትጀምሪ ደህና ሆነሽ ስትደክሚ የሚያምሽ። ቁልቁለትና ደረጃ መውረድም ያብስበታል።”

“ታዲያ ለምን ግራዋን ብቻ?” አልኩ እኔ። “ሁለት እግር አይደል ያላት?”

“እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። ጫማሽን አሳይኝ እስቲ።”

ቱዳ የሩጫ ጫማዋን በላስቲክ ይዛ መጥታ ነበር። ሱመያ አወጣችና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ግራው እስከ ማሰሪያው ድረስ በግራጫ ጭቃ ተለብጧል። ቀኙ አቧራ ብቻ ነው።

“አንቺ በአንድ እግርሽ ነው እንዴ የምትሮጪው?” አለች ሱመያ።

እኔ ግን ጫማውን እንዳየሁ ገባኝ። ሐይቁ ነው።

ሐይቃችን ድሮ ሙሉ ሳለ ዳር ዳሩን በደልዳላው መንገድ ነበር የምንዞረው። ዝናብ ጠፍቶ ውኃው ሲሸሽ ያ መንገድ ለሽርሽረኛ ተብሎ አስፋልት ፈሰሰበት። አሰልጣኛችን ሐጂ አሱ ደግሞ አስፋልትን እንደ ባለጋራ ነው የሚያዩት። “አስፋልት ጉልበት ይበላል” አሉና ውኃው ትቶት ወደሄደው ለስላሳ አፈር አወረዱን። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ግን ወደ ውኃው ያዘነብላል። ዞረን ዞረን የምንዞረውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ሁልጊዜ በግራችን። ሐጂ መካ ደርሰው ከመጡ ጀምሮ ይህ ሕግ ሆኗል። ሐጃጅ ካዕባን በግራው አድርጎ እንደሚዞር እኛም ሐይቁን እንዲሁ እንዞራለን፣ በረከት አለው ይላሉ። ለጀማሪ ሴት በመጀመሪያው ቀን የሚነገራት ይኸው ነው፤ በቀኝ የዞረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለሱመያ ስነግራት እሷ የራሷን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አንዱን አወለቀችና ለቱዳ ቀኝ እግር ሰጠቻት። “በዚህ ክፍሉን ዙሪ፤ ግራሽን ባዶ አድርጊ።”

ቱዳ አንድ ጊዜ ዞራ ቆመች። እጇ ሳታዝዘው ግራ ዳሌዋ ላይ ሄደ።

“ይኸው” አለች ሱመያ። “አንቺ ይህን በየቀኑ፣ በሩጫ፣ ጠዋቱን ሙሉ ታደርጊዋለሽ። ዝቅ ባለው በኩል ያለው እግር ነው የሚጎዳው። ሩጫውን ለጥቂት ሳምንት አቁሚ፤ መራመድ ይቻላል። የዳሌሽን ጡንቻ የምታጠነክሪበት ሥራ እሰጥሻለሁ። ስትመለሺ ከተዳፋቱ ውጪ፣ አቅጣጫም እየቀያየርሽ፣ እርምጃሽንም አጠር አድርጊ። ካመመሽ ትቆሚያለሽ፤ አትታገዪውም።”

ወጥተን የተጠበሰ ሰርዲን በዳቦ በላን። እኔ የራሴን ጨርሼ የቱዳን አጋመስኩ። እሷ ግን የቀረውን ለድመት ትቆርሳለች።

“አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ? ዳንሽ እኮ!”

“ለሐጂ እንዳትነግሪያቸው።”

“ምኑን?”

“አፈሩ ላይ ሩጡ ያሉን ለጉልበታችን ብለው ነው። እንደ አባት ነው የያዙኝ፤ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ተሳስተዋል ልበላቸው? አላደርገውም። ከዚያ ቤቴ ብገባ ይሻለኛል።”

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን ሻንጣው እዚያው በሩ ሥር ነው። ጠዋት ልብስ ታወጣለች፣ ማታ አጥባ አጥፋ መልሳ ትከታለች። ልጅቷ ሕመሙን ፈርታ የሸከፈችውን ሻንጣ አሁን በይሉኝታ ልትይዘው ነው። ይሉኝታዋ አናደደኝ። ጉልበት ዳነ ተብሎ በአፍ ማጣት ይሞታል እንዴ?

ስለዚህ አላማከርኳትም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ ሮጠው ሲጨርሱ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ከሰል ላይ ሻይ ጥደው፣ ባለቆብ ረጅም ጀላባቸውን ተከናንበው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቱዳ ከእኔ ኋላ ነበረች። ሐጂ ድንጋይ የመሰለውን የሻይ ስኳር በመዶሻ ይሰብራሉ።

“ሐጂ” አልኩ፣ “ይህች ልጅ ሩጫ ስትጀምር ሐይቁን በቀኟ አድርጋ ትዙር።”

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ቱዳ ቀሚሴን ከኋላ ጎተተችኝ።

“በቀኝ?” አሉ ሐጂ። “ማን የዞረውን?”

“ማንም ያልዞረውን። ግራ ጉልበቷ ታሟል። ሕመሙንም ተዳፋቱ ነው ያመጣው። ከበልግ ጀምሮ ግራ እግሯ ጉድጓድ ውስጥ፣ ቀኝ እግሯ ጉብታ ላይ ናት።”

“አፈሩ ለስላሳ ነው!”

“ለስላሳ ነው። ግን ዘንበል ያለ ነው።”

“አንቺ ኢቶ፣ መጨረሻ እየወጣሽ አሰልጣኝ ሆንሽ?” ሲሉኝ ሐጂ፣ ሴቶቹ ሳቁ። “የስታዲየም መም በየት ነው የሚዞረው? በግራ! የአላህ ቤትስ በየት ነው የሚዞረው? በግራ! ዓለም ሁሉ በግራ ሲዞር ሐይቃችን በምን ዕዳው በቀኝ ይዞራል?”

“ሐጂ፣ እርስዎ መካ ሄደዋል፤ እኔ አልሄድኩም” አልኳቸው። “ካዕባ ዙሪያው ምንድን ነው?”

“እብነ በረድ ነው። ነጭ፣ የሚያበራ።”

“ያዘነብላል?”

ሐጂ መዶሻውን አስቀመጡ። ያዩትን መካድ አይችሉም።

“ደልዳላ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“እንግዲያው በተዳፋት ላይ የዞረ ሐጃጅ የለም።”

አንዷ ሴት ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። ሐጂ ሻዩን ቀዱ፤ አፈሰሱትም፣ ብርጭቆውን አልፎ ጀላባቸው ላይ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ አነሱና ወደ ቱዳ አደረጉ።

“ልጄ፣ ከበልግ ጀምሮ ያምሽ ነበር?”

“አዎ፣ ሐጂ” አለች መሬት መሬቱን እያየች።

“እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ?”

 ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ተነሱ፤ ሲነሱ ግራ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። እሳቸውም እኮ በየቀኑ በዚያው ዳር፣ በዚያው አቅጣጫ፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይዞራሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቆም አሉ።

“ይህችንም እርጅና ነው ብዬ ነበር የማማት” አሉ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤቴ ምንጣፍ ላይ ነው ያለፈው። ቱዳ በጎኗ ተጋድማ እግሯን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ማንሳትና እዚያው ማቆየት ነበረባት። ሐይቁን ደጋግማ የምትዞር ልጅ፣ እኔ አንድ ካሮት ልጬ ሳልጨርስ ዳሌዋ ይንቀጠቀጣል።

“ይህ የአሮጊት ሥራ ነው!” ትላለች።

“እንግዲያው አሮጊቷን አሸንፊያት” ብዬ እኔም አጠገቧ ተጋድሜ እግሬን አነሳለሁ። እግሬ ከመሬት ብዙም አይርቅም፤ ሳቋ ግን ጎረቤት ይሰማ ነበር። እህቴ ስትደውል ብረቱ ጋለ ወይ እያልኩ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ በኋላ እሷም “ገና እያናፋሁት ነው” ማለት ጀመረች።

በረዶው መጥቶ ሲሄድ ቱዳ በደልዳላ ሜዳ ላይ ትንሽ ሮጣ ትንሽ መራመድ ጀመረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስላት፣ “እንቁላሉ ጉልበት የለው፣ ምን አለበት” አለችኝ። ደረጃውን ፊቷን ወደፊት አድርጋ ወረደች። ሻንጣው ግን ከበሩ ሥር አልተነሳም። ስለ ሻንጣው አልጠየቅኋትም፤ የምትጠብቀውን አውቃለሁ። አኻያዎቹን ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ አኻያዎቹ ጋ፣ ሕመሙ ወይ ይመለሳል ወይ አይመለስም። እዚያ እስክትደርስ ድረስ ሱመያም እኔም የምንላት ወሬ ነው።

ሐጂ በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሳይነግሩን ዳሩን ሁሉ በእግራቸው ዞረው፣ ከአስፋልቱ በታች ከተዳፋቱ በላይ መሬቱ የሚስተካከልበትን እየፈለጉ፣ በነጭ ድንጋይ ምልክት አድርገውበታል። “አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ” ብለው አወጁ። “በረከቱ ሁለቱም ጋ አለ፤ ጠይቄያለሁ።” ማንን እንደጠየቁ አልነገሩንም።

ቱዳ ወደ ሐይቁ የተመለሰችበት ጠዋት የቀኝ ቀን ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ተከትለዋት በቀኝ ጀመሩ። እኔ ብቻ ፊቴን አዙሬ በግራ ሄድኩ።

“አንቺ ኢቶ! አዋጁ አንቺን አይመለከትም?” ብለው ጮኹብኝ ሐጂ።

“ልማድ ሆኖብኝ ነው!” አልኳቸው።

ልማድ አልነበረም። ያንን ጀርባ መከተል ሰልችቶኝ ነው። ከበልግ ጀምሮ ፊቷ ሲጨማደድ እኔ ከኋላዋ ጉንጉኗን እያየሁ ጎበዝ እያልኩ ነበር። ዛሬ ፊቷን ማየት አለብኝ።

መጀመሪያ ስንገናኝ አንደኛውን ዙር ገና አልጨረሰችም፤ ፊቷ ቁጥር እንደሚደምር ተማሪ ጭምት ነው። እኔን አላየችኝም፤ ጉልበቷን ነው የምታዳምጠው። አለፈችኝ።  እንደገና ስንገናኝ ሁለተኛው ዙር ይሆናል፣ የምንገናኘውም ከአኻያዎቹ ብዙም ሳይርቅ ነው። እሷ በዚያ ፍጥነቷ ሳትቀድመኝ ልድረስ ብዬ በዕድሜዬ ሮጬ የማላውቀውን ሮጥኩ። ትንፋሼ አጠረ። አኻያዎቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ዛፎቹ ቅጠል አልነበራቸውምና አሻግሮ ያሳያል። ሴቶቹን በሩቁ አስከትላ ብቻዋን ትመጣለች። ፊቷን ለማየት ገና ሩቅ ናት። በግራ እግሯ ስትረግጥ ታነክሳለች? አታነክስም። ወይስ ዓይኔ ነው? መጀመሪያውን አኻያ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። እርምጃዋ እንደተነገራት አጠር ያለ ነው። የመጨረሻው ዛፍ ግንድ ፊቷን ሸፍኖብኝ ነበር፤ ከግንዱ ኋላ ብቅ ስትል ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

እየሳቀች ነው። አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን እየጨፈነች እየከፈተች፣ እንባና ላብ ተቀላቅሎባት ትስቃለች።

“አክስቴ!” አለች አጠገቤ ስትደርስ፣ ሳትቆም፣ እጄን በእጇ መትታ እያለፈችኝ። “ሻንጣውን ዘርግፊው!”

 ዞሬ ሳያት ጉንጉኗ ወዲያና ወዲህ እያለ ይርቃል፤ ያው የማውቀው ጀርባዋ ነው። እኔም ሩጫዬን ሳልጨርስ፣ ሐጂ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው እየጠሩኝ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዴት ርቦኝ እንደነበር። ግን መጀመሪያ ሻንጣውን ከፍቼ ልብሷን አንድ በአንድ ቁም ሣጥኗ ውስጥ መለስኩ።